የትንሿ ቅንድብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለፎቶ ቤቱ ነበር፤ ቀጠሮ መመዝገቢያ እንዲሆነኝ። የኔ ደንበኞች ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። በሩን በርግደው ገብተው "ቶሎ በልልኝ፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው" ነው የሚሉት። ባዶውን ከሚቀመጥ የራሴን ጣጣ ልጻፍበት አልኩ። ጣጣውም ብዙ አላስጠበቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ደወለች። ውጭ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው፤ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። እኔንና መንታ ልጆቻችንን ወደ እሷ ለመውሰድ ማመልከቻ አስገብታ የኤምባሲውን ቃለ መጠይቅ እየጠበቅን ነው። ዛሬ ድረ ገጹ ላይ ፋይላችንን ከፍታ ስታይ ነበር። እንደምን ዋልክ እንኳን አላለችም።

"የልጆቹን ፎቶ ማነው ያስገባው?"

"እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ነው?"

"በትልቋ ስም የገባችው ትንሿ ናት። በትንሿ ስም ደግሞ ትልቋ።"

ሳቅኩባት። ዕድሜ ልኬን ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀኝ "ቀና በል" በሚለው ቅጽል ስሜ ነው፣ ለሰው ሁሉ እሱን ስለምል። "ኔትወርኩ ይሆናል፣ ምስሉ ደብዝዞብሽ ነው" አልኳት።

"ጥርት ብሎ ነው የሚታየኝ" አለች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሁለቱን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈትኩ። ያው ነጭ ሸሚዝ፣ ያው ነጭ መደብ፣ ያው ፊት። ትንሿን የምለይባት ግራ ቅንድቧን ለሁለት በሚከፍላት ጠባሳ ነው፤ ሕፃን ሆና ከአልጋ ስትዘል የጠረጴዛ ጠርዝ ያገኛት። ሁለቱም ፎቶ ላይ ጠባሳ የለም።

አጽድቼዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እንዴት እንደሆነ ለራሴ ልጻፈው። ደንበኛ ሲቀመጥ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አወጣለሁ፣ ከዚያ እጄ ራሱ ይሄዳል። ቡግር፣ ማድያት፣ የፀሐይ ቃጠሎ፣ ሁሉንም ጠረግ ጠረግ። ማንም አጽዳልኝ ብሎ አይጠይቀኝም፤ ሳላጸዳ ብሰጥ ግን ሁለተኛ አይመጣም። የዚያን ቀንም እጄ እንደለመደው ሄደ። የልጄ ፊት መሆኑን ዓይኔ አይቷል፣ እጄ ግን አላወቀም።

ሁልጊዜ ትልቋ ናት ቀድማ የምትቀመጠው። ያን ቀን ፀጉሯን አበጥራ ስላልጨረሰች ትንሿ ቀደመች። እኔ እንደ ልማዴ የመጀመሪያውን ፎቶ በትልቋ ስም፣ ሁለተኛውን በትንሿ ስም አስገባሁ። በቃ ይኸው ነው።

ካሜራው ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ብዬ ፈለግኩ። ጠርጌዋለሁ፤ በየሳምንቱ ነው የምጠርገው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

እራት ላይ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። እንደ ቀልድ አድርጌ፣ "እስቲ የትኛዋ ማናት?" አልኩ።

ትልቋ ሹካዋን እንኳን አላስቀመጠችም። "ይቺ እኔ፣ ይቺ እሷ።"

እናታቸው ያለችው ልክ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ትልቋ በሳቅ ፈነዳች። "ተዪው በቃ፣ እኔ አንቺን ሆኜ ልሂድ! ሳህን ማጠቡ ግን ከነስምሽ ያንቺ ነው።" ትንሿ ፎቶውን አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"ጠባሳዬስ?"

"አጸዳሁት። የሁሉንም ሰው እኮ ነው የማጸዳው።"

"እንደ ቡግር?"

 ተነስታ እጇን ልትታጠብ ሄደች፤ ውሃው ብዙ ቆየ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጎረቤቴን ማመልከቻ ጸሐፊውን አማከርኩት። የሱ ክፍልና የኔ ፎቶ ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፤ የኔ ደንበኛ ከእኔ ወጥቶ ወደ እሱ ይገባል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰማኝና፣

"ወንድሜ፣ የተኛ ነገር አትቀስቅስ። መንታ ናቸው፣ በአካል ቆመው እንኳን ማን ይለያቸዋል? ቃለ መጠይቁ ሁለት ወር አልቀረውም። ዛሬ ተሳስቻለሁ ብለህ ብትጽፍ ፋይልህን ከመደርደሪያው አውርደው ጥግ ይወረውሩታል። ከዚያ በኋላ ዓመት ጠብቅ።"

እታለምም እንደሱ ናት። ታላቅ እህቴ ነች፤ እናታቸው ከሄደች ጀምሮ ቤቱን የያዘችልኝ እሷ ናት። "ዝም ብለህ ሂድ፣ እዚያ ስትደርስ ታስተካክለዋለህ" አለችኝ።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የሚያሳርፈኝን ምክር ከሁለት ሰው ሰማሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

እናታቸው ደወለች፤ የሁለቱን ምክር ነገርኳት። እስክጨርስ ጠብቃ፣

"የፓስፖርቱን ፎቶ ያነሳቸው ፓስፖርት ቢሮው ነው፣ ጠባሳዋ እዚያ አለ። ማመልከቻው ላይ ጠባሳ የለም፣ በዚያ ላይ የእህቷ ስም አለባት። ኤምባሲዎቹ ጎን ለጎን ሲያደርጉት ምን ይላሉ? ሌላ ልጅ ሊያስገባ ነው ነው የሚሉት። ሳይጠይቁህ ብትናገር ስህተት ይሉሃል፣ ከያዙህ በኋላ ብትናገር ውሸት ይሉሃል። ውሸታም ያሉትን ቤተሰብ ደግሞ በኋላ አያስገቡትም። አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ እህቷን እንደዛ ነው ያጣቻት።"

"እሺ፣ እጽፋለሁ።"

"መቼ?"

"በዚህ ሳምንት።"

ልትዘጋ ስትል ጠየቅኳት። ያለ ጠባሳው እንዴት አወቅሽ?

"ኧረ ምን ማለትህ ነው!" አለች፤ ሳቋ መጣ። "ትንሿ ካሜራ ፊት ስትቀመጥ ሰው ሊቆጣት ይመስል አገጯን ሰብሰብ ታደርጋለች። ትልቋ ካሜራውን ራሱን ልትቆጣው ነው የምትመስለው።"

ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ማታውን በሙሉ የኢንተርኔቱ መቆራረጥ አናዶኛል፤ ሌላ ያናደደኝ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ደንበኛ በዛ። የተማሪ ምዝገባ ነው። አልጻፍኩም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ማተሚያው ቀለም ይተፋል። ሰው አስመጥቼ ሳሠራ ዋልኩ። ደብዳቤውን ነገ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

እታለም ወጥ ቤት ሆና ስልክ ስታወራ በኮሪደሩ ሳልፍ ሰማኋት። "ፈርቶ ነው እንጂ! እዚህ መንገድ ላይ ሰው ሁሉ በስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል። እዚያ ሄዶ የማን አባወራ ይባላል? የሚስቱ ሻንጣ ያዥ ሊሆን?"

ስለ ሌላ ሰው እያወራች ይሆናል። የጓደኛዋ ባልም የሚሄድ መሰለኝ።

ትንሿ ፀጉሯን በግራ በኩል ወደ ግንባሯ አውርዳ ማበጠር ጀምራለች። ፋሽን ነው መሰለኝ። ትልቋ ግን እንደ ድሮዋ ወደ ኋላ ነው የምታስረው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ፋሽን አይደለም። ዛሬ መስታወት ፊት ቆማ በጣቷ ቅንድቧን ስትሸፍን፣ ስትገልጥ፣ ስትሸፍን አየኋት። እኔን ስታይ ማበጠሪያ የምትፈልግ መሰለች።

አንጀቴን በላችው። ይቺ ልጅ ያንን ጠባሳ አፍራበት አታውቅም ነበር። "ቅንድቤ በር አለው" እያለች ለሰው ታሳይ የነበረች ልጅ ናት። ነውር አድርጌ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አባቷ ዘግቶት ሲያበቃ ከእህቷ መለየት አቃተው። ይህን ከማንም በላይ የገባት እሷ ናት።

ዛሬ መጻፍ አለብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ማመልከቻ ጸሐፊው ካልቀረ እንግዲህ እኔ ልጻፍልህ ብሎ ረቂቅ አመጣልኝ። "በፎቶግራፍ ማንሻው ላይ በድንገት በደረሰ የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት" ይላል መግቢያው። ቆንጆ አማርኛ ነው፣ መጨረሻው ላይ ማኅተም ብቻ የቀረው ነው የሚመስለው። ለእናታቸው በስልክ አነበብኩላት።

"ካሜራው ነው ያጠፋው?"

"አነጋገር ነው እንጂ..."

"ካሜራውን ቃለ መጠይቅ ይጥሩታ እንግዲያ።"

አሳቀችኝ። ካሳቀችኝ በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀድጄ በአምስተኛው ሄደ። እንዲህ ይላል፦

"ሁለቱን ሴት ልጆቼን ፎቶ ያነሳሁት ራሴ ነኝ፤ ሥራዬም ይኸው ነው። በሥራ ልማድ የታናሿን የቅንድብ ጠባሳ ከፎቶው ላይ አጠፋሁት። ማጥፋት ክልክል እንደሆነ አውቃለሁ። ካጠፋሁት በኋላ ራሴም አልለየኋቸውምና የአንዷን ፎቶ በሌላዋ ስም አስገባሁ። ስህተቱን ያየችው እናታቸው ናት። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም።"

"ራሴም አልለየኋቸውም" የምትለዋን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ያለ እሷ ደብዳቤው አይቆምም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

መልስ የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

መልስ መጣ። የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ ተሰርዟል። ማብራሪያችን ይመረመራል። ልጆቹ በሌላ ፎቶ ቤት፣ ምንም ሳይነካካ፣ አዲስ ፎቶ ይነሱ። እናታቸውም በበኩሏ ቃሏን በጽሑፍ ትስጥ። አዲሱ ቀጠሮ ወደፊት ይገለጻል ይላል፤ ወደፊት ማለት መቼ እንደሆነ አይልም።

ማመልከቻ ጸሐፊው አላልኩህም አላለኝም። ሻይ አዘዘልኝ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ለእናታቸው ነገርኳት። "ደህና ነው" አለች። "የልጆቹን አልጋ ዘርግቼ ነበር። አቧራ እንዳይጠጣ ልብስ አለብሰዋለሁ።" የቀረውን ስለ ሥራዋ አወራችኝ፤ አንድ አሮጊት ሌሊት ሌሊት ሻንጣ ይዘው ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ይላሉ አሉ። የተናደደች አትመስልም። ብትጮህብኝ እመርጥ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 15

ዛሬ ሥራ የለም። ተቀምጬ ልጆቼን አየሁ። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም።

ትልቋ በር ስትከፍት በክርኗ ገፍታ ነው፣ ባዶ እጇን እንኳን ሆና። ትንሿ እጀታውን ይዛ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ ማን እንዳለ አይታ ነው የምትለቀው። ትልቋ ስታነብ ትበላለች። ትንሿ ስታነብ የሸሚዟን ቁልፍ ትፈታለች መልሳ ትቆልፋለች፤ ቁልፎቿ ለምን እንደሚላሉ እታለም ሁልጊዜ ትገረም ነበር።

"አባዬ፣ ምነው ታፈጥብናለህ?" አለች ትልቋ። "ፖሊስ ሆንክ?"

ትንሿ ቀና አላለችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ትንሿ ስትስቅ መጀመሪያ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ድምፁ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ይህን እንዴት እስከዛሬ ሳላየው ቀረሁ? ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። የማየው ግን ምን ላጽዳለት ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ወደ "ፍላሽ" ሄድን። ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪዬ ነው፤ ደንበኛ ስንነጣጠቅ የኖርን ሰዎች ነን። በሩ ላይ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ። "ቀና በል! ምን እግር ጣለህ? ካሜራህ ሞተ እንዴ?"

ልጆቼን አንሳልኝ አልኩት፤ ምክንያቱን ሳልደብቅ ነገርኩት። ሊስቅብኝ ይችል ነበር፣ አልሳቀም። "እኔ ባለፈው የአንዱን ሽማግሌ የፊት ኪንታሮት አጥፍቼ ባንኩ መለሳቸው" አለ ቀስ ብሎ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ መብራቱ ግን አሁንም ከግራ ይበዛል።

ትልቋን አነሳ። ትንሿ ተቀመጠች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ። "ቅንድብሽ መታየት አለበት የኔ ልጅ፣ ወደ ኋላ አድርጊው" አላት። አደረገችው። "ቀና በይ።" ቀና አለች፣ አገጯን ሰብስባ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሲያወጣው እጁ ወዲያው ቅንድቧ ላይ ሄደ። እንደኔው ነው፤ እጁ ነው የሄደው። ከዚያ ትዝ ሲለው ዞር ብሎ እንደ ባለሙያ ለባለሙያ በሹክሹክታ፣ "ትንሽ ላለስልሰው? ማንም አያውቅም እኮ" አለኝ።

"እንዳትነካት!"

ድምፄ ሳላውቀው ከፍ ብሏል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ዞሩ። ፍላሽ እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ።

ስንመለስ ትልቋ ወደፊት ቀደመች። ትንሿ ጥቂት ከአጠገቤ ሄዳ፣ "ጮህክበት እኮ" አለች። "ጮህኩበት" አልኳት።  ሰፈር ስንደርስ ፀጉሯን አላወረደችውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ዝምታ። ፎቶውም የእናታቸው ቃልም ገብቷል። እታለም በየቀኑ ስልኬን አንስታ ታያለች፤ ማንበብ የምትችልበት መነጽር ሳይኖራት።

አንድ ነገር እዚህ ብቻ ልበለው። ደብዳቤውን ያዘገየሁት ደንበኛ በዝቶ አይደለም። ቀጠሮው ሲሰረዝ ልቤ ድክም አለ፣ ግን ከሥር አንዲት ትንሽ ዕረፍትም ነበረች። እዚያ ሄጄ ማን እሆናለሁ የሚል ነገር አለ። እታለም የጓደኛዋን ባል አልነበረም ያማችው።

እናታቸው ግን አራት ዓመት ያለ እኛ ኖራ ልጇን በአገጯ ታውቃለች። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ የማን ፊት ስጠብቅ ነበር?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ቀጠሮ! ጥር ውስጥ። እናታቸው ስልኩ ላይ እልል አለች፤ አዛውንቶቹን ሳትቀሰቅስ አልቀረችም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

እጄ እየደከመ ነው የምጽፈው፣ ግን ሳይበርድ ልጻፈው።

ጠዋት ኤምባሲው ደረስን። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሁሉም ሰው የክት ልብሱን ለብሶ ወረቀቱን አቅፏል። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለችው ሴትዮ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ረጋ ያለች ናት። ፓስፖርቶቹን፣ አሮጌዎቹን ፎቶዎችና አዲሶቹን ዘረጋቻቸው። ደብዳቤዬም ከላይ አለ፤ በቢጫ የተሰመረባት ቦታ አለች። የትኛዋ አረፍተ ነገር እንደሆነች ከሩቅ አውቄያታለሁ።

"እዚህ ላይ ራሴም አልለየኋቸውም ብለሃል" አለችኝ።

"አዎ።"

"ልጆችህ ናቸው?"

"ልጆቼ ናቸው።"

ልጆቹን በጎን በር ወደ ሌላ ክፍል አስገባቻቸው። ለእኔ ብዕርና አንድ ወረቀት በመስታወቱ ሥር አሾለከችልኝ። "ከጠባሳው ሌላ በምን ትለያቸዋለህ? እዚህ ጻፍልኝ። እኔ ደግሞ እነሱን እጠይቃቸዋለሁ።"

 ጥቅምት ላይ ይህን ጠይቃኝ ቢሆን ወረቀቱን ባዶውን ነበር የምመልስላት፤ እናታቸውም አልጋዎቹን እንዳለበሰቻቸው ትቀር ነበር።

ጥግ ላይ ወንበር ፈልጌ ጀመርኩ። በሩን ጻፍኩ፣ ቁልፉን ጻፍኩ። ትልቋ ስትዋሽ ፈጥና ትናገራለች፤ ትንሿ መዋሸት ስትፈልግ ጥያቄውን ደግማ ትጠይቃለች። ትልቋ ጫማዋን ቆማ ነው የምታስረው፣ ግድግዳ ተደግፋ። ትንሿ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ ትናገራለች፤ የምትናገረው ሁሌ ከእናቷ ጋር ነው፣ ቀን የሆነውን ነው የምትነግራት። ትልቋ የእናቷ ስልክ ሲመጣ ቀድማ ታነሳለች፣ መጀመሪያ ላይ ብዙ ታወራና ስትሰነባበት መልሳ ለእህቷ ትሰጣለች፤ ደህና ሁኚ ማለት አትወድም። ወረቀቱ አለቀ፣ ገለበጥኩት። እሱም አለቀ። ወደ መስታወቱ ሄጄ ሌላ አንድ ወረቀት ብትሰጪኝ አልኳት። በመነጽሯ ላይ ተሻግራ አየችኝና ሰጠችኝ።

ሁለተኛውን አጋምሼው ነበር፣ "ይበቃል፣ ሰዓት የለንም" ብላ ወሰደችው። አንብባ ወደ ጎን ክፍሉ ገባች። ቆየች። እኔ የአዳራሹን ሰው ፊት ማየት እንኳን አልቻልኩም።

ስትመለስ ሦስቱን ፓስፖርቶች ሰብስባ በአንድ ላስቲክ አሰረቻቸው፣ ወደ እኔ ግን አልመለሰቻቸውም። "እነዚህ እኛ ጋ ይቆያሉ" አለች። ፓስፖርት ከመለሱልህ አልሆነም፣ ካስቀሩት ሆኗል ይላል የወረፋው ሰው ሁሉ። ከኋላዬ የነበሩት እናት ሳያውቁኝ ትከሻዬን መቱኝ፤ "እንኳን ደስ አለህ!"

ውጭ ደረጃው ላይ ለእናታቸው ደወልን። ትልቋ ቀድማ ቀማችኝ፣ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ስለ ሴትዮዋ የጆሮ ጌጥ ሳይቀር አወራች። ትንሿ ከአጠገቤ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሌሊት ከእማዬ ጋር ታወሪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ ሴትዮዋ።"

"ምን አልሻት?"

"ተኝቼ እንዴት አውቃለሁ አልኳት።" ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳቁ ቆይቶ መጣ። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ "አባትሽ ሁለተኛ ወረቀት ጠየቀ አለችኝ" አለች።

"ጠየቅኩ።"

ክንዷን በክንዴ ውስጥ አስገባች። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

"አልጨረስኩም ነበር" አልኳት። "ወሰደችብኝ እንጂ።"